ሳይዘጋ የቀረው ገጽ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ ለአፍናን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምሽ? ራስ ምታቱ ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህል አፍሽ ገብቶ ይሆን? አሠሪዎችሽ ሐዘንሽን አይተው ትንሽ ዕረፍት ሰጡሽ ወይስ ያው እንደ ወትሮው ነሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ እንድጽፍልሽ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

በወረቀት መጻፌ አይግረምሽ። በስልክ የሚወራ ነገር አይደለም፤ የእኔም ስልክ መስተዋቱ እንደተሰበረ ነው። አብራሽ የሄደችው አርዋ ለዕረፍት መጥታ ወደ ሪያድ ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። እማ የወንድማችንን መርዶ እንዴት እንደሰማች ከሰው ከሰው ሳትሰሚ አልቀረሽም። አሁን ደግሞ ከእኔው ስሚው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ያን ሰኞ ጠልሐ እዚያው ዓረብ አገር በመኪና አደጋ መሞቱን የጻፍሽልኝን ያነበብኩት ምስክር ኮምፒውተር ቤት ነው፤ ያ መናኸሪያው አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፈው፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ምስክር። ብቻህን ሆነህ አንብበው፣ ለእማ አትንገራት፣ አጎታችን ሼህ ጀላል ከከላላ መጥተው መርዶውን በወጉ ያርዷት ብለሽኝ ነበር። ልክ ነበርሽ። ደም ግፊት ያለባት ሴት የልጇን ሞት ደጋፊ በሌለበት አትሰማም።

የመልእክት ገጼን ስከፍት ኢንተርኔት መክፈቻው፣ ብራውዘሩ፣ ፓስዎርድህን ላስቀምጥልህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ምን ላድርግ፣ እኛ ዘንድ ላስቀምጥልህ ያለን ሰው እምቢ ማለት አላመንኩህም ማለት ነው፤ ያደግነው እንዲያ ነው። ሠላሳ ልጅ ቁርኣን የማስቀራ ሰውዬ፣ አይሆንም የምትለዋን አንዲት ቁልፍ መንካት ነውር መሰለኝ። ከዚያ መልእክትሽን አነበብኩ። እንባዬ ሰው ፊት ሳይወርድ ልውጣ ብዬ መስኮቱን ዘግቼ ሄድኩ። መስኮቱን መዝጋት ከገጹ መውጣት መስሎኝ ነበር። ገጼ ግን እዚያው ክፍት ነበር።

ሽማግሌዎች ይዘው አርብ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እንዲመጡ ወደ ሼህ ጀላል ላክሁ። እስከዚያ ከእማ ጋር ሁለት ቀን ካንድ ትሪ በላሁ። ለዒድ ይመጣል ብላ ለጠልሐ ያሠራችውን ጋቢ ጫፉን እየቋጨች፣ ቁመቱ ይበቃው ይሆን እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ይበቃዋል አልኳት። አፍናን፣ ይበቃዋል አልኳት!

ረቡዕ ከሰዓት የጎረቤታችን የየሻለም ልጅ አስቻለች የዩኒቨርሲቲ ምደባዋን ልታይ ምስክር ጋ ሄዳ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኢንተርኔቱን ስትከፍተው የመጣው የእኔ ገጽ፣ የአንቺ ጽሑፍ ነው። ልጅቷን አልወቅስም፤ የጠልሐን ስም አይታ እንዴት ትለፈው? እያለቀሰች ለእናቷ ነገረች። የሻለምም መርዶው የተነገረን መስሏት፣ ጎረቤት ሆና መዘግየቷ አሳፍሯት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች።

እማ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሻለምን እንደዚያ ሆና ስታያት ጋቢውን ጥላ ተነሣች፤ ማን ሞተብሽ፣ እኔ ልሙትልሽ ብላ አቀፈቻት። የሻለም አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እማ ታባብላታለች፣ አላህ ያጽናሽ ትላታለች። ጭራሽ ነጠላዬን አቀብለኝ፣ ልቅሶው ቤት አብሬያት ልሂድ አለችኝ። እኔ ነጠላውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የሻለም ቀና ብላ የእኔን ፊት አየች፣ የእማን አየች፣ ያኔ ገባት፤ አፏን በእጇ ያዘች። ለእማ የነገራት ሰው የለም። ከሁለታችን ፊት ላይ አነበበችው።

አርብ ሼህ ጀላል መጥተው ዱዓ አደረጉ፤ ከከላላም ከማሻም ዘመድ ተሰበሰበ። ወጉ ሁሉ ሆነ፣ ግን የሚያረዱት ሰው አልነበረም። እማ እኔን ማናገር ተወች። ምግብ ታቀርብልኝና ፊቷን ታዞራለች። እነዚያን ሁለት ቀናት እያወቅሁ አብሬያት መብላቴ ነው የከነከናት።

ከሳምንት በኋላ ምስክር እኛ ቤት ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ሱቁም ወስዶ ያጠፋሁትን አሳየኝ። አንቺም በአሠሪዎችሽ ልጆች ኮምፒውተር ነው የምትጽፊውና ልብ ብለሽ ስሚኝ። ስትጨርሺ መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ከገጽሽ የሚያስወጣውን ነክተሽ ውጪ። ፓስዎርድ ላስቀምጥልሽ ካለሽ፣ ያንቺ ባልሆነ ማሽን ላይ እምቢ በይው፤ አይቀየምሽም። የግል መስኮት የሚሉት አለ፤ በእሱ ከፍተሽ ስትዘጊው የገባሽበት ማሽኑ ላይ አይመዘገብም። ይሁንና የቤቱ ኢንተርኔት ባለቤት የትኛው ድረ ገጽ እንደገባሽ ሊያውቅ ይችላል ብሎኛል። ገጽሽ የት የት ተከፍቶ እንደቀረ የሚያሳይ ዝርዝርም አለ፤ የእኔው በምስክር ማሽን ላይ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ነበር። ከሁሉም ቦታ አስወጣሁት፤ ምን ዋጋ አለው።

ቀጥሎ ፓስዎርድህን ቀይር አለኝ። ረጅም ይሁን፣ ሌላ ቦታ ያልተጠቀምክበት ይሁን፣ የቤተሰብ ስም አይሁን አለ። የእኔን ታውቂዋለሽ፤ የጠልሐ ስምና የተወለደበት ዓመት ነው፣ ያው ሦስታችንም የተጠቀምንበት። አንቺም ቶሎ ቀይሪው። ማሽኑ አዲሱን ከመቀበሉ በፊት አሮጌውን አስገባ አለኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ስሙን ጻፍኩት፤ እያንዳንዷ ፊደል ጥቁር ነጥብ እየሆነች አንድም ሳይነበብ ቀረ። ምስክር ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ መስሎ ፊቱን አዞረልኝ። ወንድሜን ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ሼህ ጀላል በዱዓ አልረሳሽም ብለውሻል። የሻለም ሰላም ትልሻለች፤ እስካሁን ቤታችን ስትገባ አንገቷን ደፍታ ነው፣ ብትችይ አንድ ቃል ላኪላት። አስቻለችም ይቅር በይኝ ብላለች። አንቺም እዚያ ላሉት የአገር ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እማ ደግሞ ትናንት ልጽፍልሽ ስቀመጥ ለማን ነው አለችኝ፤ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ያናገረችኝ ገና ያኔ ነው። ለአፍናን ስላት፣ እሷንስ ማን አረዳት፣ ማን ነበር አጠገቧ አለች። ለእማ ሽማግሌ ስንፈልግ አንቺ ጓደኞቹ የጻፉልሽን መርዶ በአሠሪዎችሽ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ብቻሽን ማንበብሽን አስቤው አላውቅም። ይቅር በይኝ። ዛሬ ጠዋት ጋቢውን ቋጭታ ጨርሳ የአርዋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችልሽ። ቁመቱ ይበቃት ይሆን አለችኝ። ይበቃታል አልኳት።

ወንድምሽ ሙእሚን
መካነ ሰላም፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.