ከአሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ኪስ ስለ ከለከለው መመሪያዎ

ለተከበሩ የወጣቶችና የተማሪዎች ደህንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ያልተቆራረጠ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እንቅልፍን ለይቼ ያነሣሁት በዋዛ አይደለም። ከዚህ በታች ስለ እንቅልፍ ብዙ ስለምናገር፣ ቢያንስ ከሁለታችን አንዳችን በደንብ የተኛን ብንሆን ይሻላል ብዬ ነው።

እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዋና በር ፊት ለፊት፣ ሦስት በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ የተማሪ የደንብ ልብስ የምሰፋ፣ ያጠረውን የማስረዝም፣ የተቀደደውን የምጠግን ሴት ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሠራተኛዎ መጥቶ ግድግዳዬ ላይ የለጠፈልኝን መመሪያ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ማንኛውም ልብስ ሰፊ በተማሪ ልብስ ላይ ከአሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ኪስ እንዳይሰፋ፣ ሰፍቶ የተገኘም በሕግ እንደሚጠየቅ ይላል። በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኔ ስለ ሙያዬ ይህን ያህል የተጨነቀልኝ ጽሕፈት ቤት ስላልነበረ፣ ምስጋናዬን ከነምክንያቱ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ኪሱ አመጣጥ። የትምህርት ዘመኑ እንደተጀመረ፣ ቁመቷ ስለረዘመ ጓደኞቿ ሸንበቆ የሚሏት ተማሪ ኮቷን ይዛ መጣች። አራት ዓመት ሙሉ ደንበኛዬ ነበረች፤ በየዓመቱ የቀሚሷን ጫፍ ፈትቼ የማስረዝምላት እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን የፈለገችው በግራ በኩል፣ በጨርቁና በገበሩ መካከል፣ ጠባብና እስከ ወገቧ የሚወርድ ኪስ ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት ለማስመሪያ ነው አለችኝ። ሰፋሁላት። ልትወስድ በመጣች ዕለት እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ያጎነበስኩ መስሏት፣ ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ መስተዋቱ ፊት ልኩን ሞከረች። እጀታው ጥቁር ፕላስቲክ የሆነ፣ በየቤቱ ሽንኩርት የሚከተፍበት ዓይነት ቢላ ነው።

አልጮህኩም። በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁና አስቀመጥኳት።

"ማንን ልትወጊበት ነው?" አልኳት።

"ማንንም፣ እትዬ" አለችኝ። "እሱ አብሮኝ ሲሆን ብቻ ነው ዓይኔ የሚከደነው።"

ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የማያውቋቸው ሁለት ሰዎች ለስልኩ ብለው ታላቅ ወንድሟን ዓይኗ እያየ ወጉት። ወንድሟ ድኖ ሥራውን ይዟል፤ ነገሩ የቀረው እሷ ላይ ነው። ከኋላዋ ኮቴ ስትሰማ ዞራ ጀርባዋን ለግድግዳ ትሰጣለች። መምህሩ ሲያስተምር እሷ በሩን ትጠብቃለች። እንቅልፏ ሁለት ሰዓት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል የምትገኝ የሥነ ልቦና አማካሪ ያለፈውን ዓመት ሙሉ ስታነጋግራት ቆይታ፣ እንቅልፏ አምስት ሰዓት ደርሶ ነበር። አንድ ማክሰኞ ስትሄድ ግን ክፍሉ ተቆልፏል፤ በሩ ላይ "የአማካሪ መደቡ ታጥፏል" የሚል ወረቀት አለ። ፊርማው የእርስዎ ነው፤ ያማረ ፊርማ አለዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ማጠፍ። ክቡርነትዎ፣ ማጠፍ የእኔም ሙያ ነው። እኔ የቀሚስ ጫፍ ሳጥፍ ልጅቷ ስታድግ የሚፈታ ጨርቅ ከውስጥ እተዋለሁ። እርስዎ ያጠፉት ውስጥ ግን ብፈልግ ብፈልግ የተረፈ ነገር አላገኘሁም። ክፍሏ አሁን ጽሕፈት ቤትዎ የገዛው የብረት መፈተሻ ማሽን ማደሪያ ሆናለች። ማሽኑ ትጉህ ነው፤ ዋናው በር ላይ ቆሞ የቀበቶ ዘለበት ሁሉ ይለቅማል። ቢላዎቹ በኋላው አጥር ቀዳዳ እንደሚገቡ ደግሞ ከጽሕፈት ቤትዎ በቀር የማያውቅ ሰው አላገኘሁም።

እዚህ ላይ የራሴንም ልናገር። ቢላውን እንድትተውልኝ ለመንኳት፣ እምቢ አለች። ኪሱን መተርተር እችል ነበር፤ ብተረትረው በቦርሳዋ ትይዘዋለች ብዬ ተውኩት። ለእናቷም አልነገርኩም፤ ብነግርባት ደግማ ደጃፌን አትረግጥም ብዬ ፈራሁ። ይህ ጥፋት የኔ ነው፤ ከእርስዎ ጋር ልካፈለው አልፈልግም።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ። እርስዎ ስለ ወጣቶች ጥቃት ስብሰባ ላይ ስለነበሩ አንድ ጨዋ ሠራተኛ ቅጽ ሰጠኝ። ቅጹ የተጎጂውን ስምና ጉዳት የደረሰበትን ቀን ይጠይቃል። እስካሁን የተጎዳ ሰው እንደሌለ፣ የመጣሁትም እንዳይኖር ብዬ መሆኑን አስረዳሁት። ሠራተኛዎ ክፉ ሰው አይደለም፤ መሳቢያውን ሁሉ ከፍቶ ሌላ ቅጽ ፈለገልኝ። ሲያጣ አዝኖ፣ "እንግዲህ እናቴ፣ ጉዳት ሲደርስ ይምጡ" አለኝ። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። በመካከሉ አራት ተማሪዎች ያንኑ ዓይነት ኪስ ፈልገው መጡብኝ፤ አልሰፋም ብል ምንም ወደማይጠይቅ ሌላ ሰፊ ሄዱ።

ትምህርት በተጀመረ በሰባተኛው ሳምንት ጉዳቱ ደረሰ።

የሸንበቆ የወንበር ጓደኛ፣ ጉንጯ ክብ ስለሆነ ድምቡሼ የሚሏት ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አልተለያዩም። በዕረፍት ሰዓት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ድምቡሼ ከኋላ ቀስ ብላ መጥታ የጓደኛዋን ዓይን በሁለት እጇ ሸፈነች። ማን እንደሆንኩ እወቂ ለማለት ነው፤ ልጆች ሆነው መቶ ጊዜ አድርገውታል። ሸንበቆ ስም አልጠራችም። ቢላው ከድምቡሼ የጎን አጥንት ሥር ገባ።

ያዩት እንደነገሩኝ፣ ቁስሉን በኮቷ ደፍና ይዛ የጮኸችው ራሷ ሸንበቆ ናት። ሦስት መምህራን እጇን ማስለቀቅ አልቻሉም። ፖሊሱ ሲጠይቃት የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እሷ መሆኗን አላወቅሁም።" ድምቡሼ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። ሸንበቆ የወጣት ጥፋተኞች ማቆያ ውስጥ ናት። እናቷ ከትናንት ወዲያ እንደነገረችኝ፣ እዚያ ጭራሽ አትተኛም።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ፍጥነትዎ። ፖሊስ ኪሱን የሰፋሁት እኔ በመሆኔ ጠርቶኝ ነበር፤ ያየሁትን ሁሉ፣ ሦስቱን ባዶ ቅጾች ጭምር፣ አስረከብኩ። እርስዎም በበኩልዎ የችግሩ ምንጭ መለየቱን ለሕዝብ አሳወቁ። እኔ አንድ ኪስ ለመለካት ግማሽ ደቂቃ ይበቃኛል፤ የእርስዎ ኮሚቴ ሦስት ወር ሙሉ ደክሞ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ላይ ደረሰ። አማካሪዋስ ትመለሳለች ወይ ብዬ ብጠይቅ ጉዳዩ ገና ጥናት ይፈልጋል ተባልኩ። ኪስ ይቀድማልና፣ ቅር አላለኝም። ከአሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚያጥሩ ቢላዎች መኖራቸውን ግን ማን ደፍሮ እንደሚነግርዎ አላውቅም።

ስለ ልጆቻችን ደህንነት ሲሉ ስለሚሰበሰቡት ስብሰባ ሁሉ፣ ስለ መመሪያዎ፣ ስለ ማሽንዎና ስለዚያ ውብ ፊርማዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ መርፌዬን ወደ መመሪያዎ፣ ዓይኔን ወደ ኮሪደሩ አድርጌ እሰናበትዎታለሁ።

ከትሑት አገልጋይዎ፣
ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የሆነውን ልጨምር፤ ነገሩ ግን የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። ድምቡሼ ወደ ትምህርት የተመለሰችው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ያን ጊዜ ኮቷ ላይ የቀረውን ሁለት ጣት የሚያህል ቀዳዳ እንድጠግንላት አመጣችው። ጠግኜ ብሰጣትም አልተነሣችም። "እትዬ፣ እዚህ ትንሽ ልቀመጥ?" አለችኝ፤ "ከዚህ በሩ ይታያል።" ከዚያ ወዲህ ከትምህርት በኋላ በየቀኑ ትመጣለች። ሌሎች አምስትም ተከትለዋት መጡ። የቤት ሥራ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ጨርቅ ክምሩ ላይ ተጋድመው ይተኛሉ። እኔ አማካሪ አይደለሁም፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። ደንቤ አንድ ነው፤ የገባ ሁሉ የያዘውን መደርደሪያው ላይ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣል። እየቆዩ መልሰው መውሰዱን ተዉት፤ አምስት ቢላ ተጠራቀመልኝ። ምንም የምታስቀምጠው ያልነበራት ድምቡሼ ብቻ ናት።

ትናንት ሳትመጣ ቀረች። ዛሬ ቆርቆሮውን ስከፍት አራት ነው ያገኘሁት። የቢላዎቹ ባለቤቶች አምስቱም እዚሁ ፊቴ ተቀምጠዋል፤ አልወሰድንም ይላሉ፣ አምናቸዋለሁ። ትምህርት ቤቱን ብጠይቅ ዛሬ አልገባችም። እናቷ ግን ጠዋት የደንብ ልብሷን ለብሳ እንደወጣች፣ መንገዱንም በየሁለት እርምጃው ወደ ኋላ እየዞረች እያየች እንደሄደች ነገረችኝ። አሁን ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ እኔም ልፈልጋት መውጣቴ ነው። ምናልባት እርስዎ ወይም ሠራተኞችዎ ቀድማችሁ ካገኛችኋት፣ እባካችሁ ከፊት ለፊቷ ቅረቡ።