በመዝገባችሁ መሠረት እኅቴ ገና አልወጣችም

ለተከበሩ የሕዝብ ዓይን ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለሁለቱም ዓይኖችዎ ብርሃን፣ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ይህን ምኞቴን በሦስት የተለያዩ ቀናት በአካል ቀርቤ ልገልጽልዎ ሞክሬ ነበር። ሆኖም በርዎ ላይ የቆሙት የጥበቃ ድርጅቱ ሠራተኞች እርስዎን ለማግኘት ከእርስዎ የተጻፈ ወረቀት እንደሚያስፈልግ ስለነገሩኝ፣ ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ እርስዎን ማግኘት ስላለብኝ፣ ሰላምታዬን በጋዜጣ ለመላክ ተገድጃለሁ። በሰው ፊት ስላስቸገርኩዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በአስተያየት መስጫ ሳጥናችሁ ያልተጠቀምኩበትን ምክንያት ወረድ ብዬ አስረዳለሁ።

እኔ የሰባ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ አሥራ አራቱን በኃላፊነት። በልጅነታችን ያስተማሩን መምህር ማስመሪያቸውን ጠረጴዛ ላይ እየመቱ «ያልተደረገ አይጻፍም፤ የተደረገም ሳይጻፍ አያድርም» ይሉን ነበር። እኔ በዚህ ቃል ጡረታ ወጣሁ። የጥበቃ ድርጅታችሁ ግን ሁለቱን ግማሾች በአንዲት መስመር ላይ አንድ ላይ ሊስታቸው ችሏል፤ ይህን በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስላላየሁ ችሎታቸውን ሳላደንቅ አላልፍም።

ጉዳዩ የታናሽ እኅቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች። ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው፤ በግራው እስካለፈው ዓመት ድረስ መርፌ ትሰካ ነበር። አሁን የግራው ግፊት ጨምሯል። ሐኪሟ በግልጽ ቋንቋ «የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ቶሎ ከደረስን እናተርፋለን» ብለው የቀዶ ሕክምና ቀን ቆረጡላት።

ከዚያ ቀን አሥር ቀን ቀደም ብሎ ለምርመራ ሄድን። ስንገባ ስማችን፣ የገባንበት ሰዓትና የመጣንበት ጉዳይ ተጻፈ። ስንወጣ ግን እኅቴ ዓይኗ ውስጥ በተደረገው ጠብታ ምክንያት እንኳን መዝገቡን፣ የያዘውንም ሰው አታይም ነበር። መውጫው ላይ የነበረው ጠባቂ ደግ ሰው ነው። «እማማ፣ እንዲህ ሆነው እንዴት ይፈርማሉ? ይሂዱ፣ እኔ እሞላልዎታለሁ» አላት። እሷ መረቀችው። እኔም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማንንም በማንም ፋንታ ያላስፈረምኩት ሴት፣ ፀሐዩ በርትቶ ነበርና አብሬ መረቅሁት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ እናንተ ሳትጽፉት ራሴ ጽፌዋለሁ። ደጉ ሰው ረሳ። በሳምንቱም ድርጅቱ ጠባቂዎቹ ከሰው ጋር እንዳይላመዱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስለሚያዘዋውራቸው ወደ አንድ መጋዘን ተላከ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ተገኘን። እኅቴ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ማኅተሙን ከደረት ኪሱ ስለማያወጣ እኛ ታካሚዎች «አለቃ ማኅተም» የምንለው የፈረቃ ኃላፊ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «እኚህ ሴትዮ ውስጥ ናቸው» አለ። ክንዴን ይዛ የቆመችውን አሳየሁት። እሱም በትዕግሥት፣ «እሳቸው መሆናቸውን አልካድኩም እማማ፤ ግን ውስጥ ያለ ሰው እንዴት ይገባል? መጀመሪያ ይውጡ» አለኝ። ከየት ትውጣ ብዬ ስጠይቀው፣ «ከውስጥ ነዋ!» አለ። ሰልፉ ሳቀ። እኅቴም ለጊዜው ሳቀች።

ሐኪሟ ቢጠብቁ ቢጠብቁ ስትቀርባቸው ከነሙሉ የቀዶ ሕክምና ልብሳቸው እስከ በሩ ወጡ። አለቃ ማኅተም ለእሳቸውም፣ «ዶክተር፣ ታካሚዋን ውስጥ ይፈልጓቸው» ሲል መለሰላቸው። እሳቸው ሲከራከሩ ሌላ ታካሚ ተዘጋጅቶ ነበርና ተመለሱ። ለመጪው ሳምንት ሐሙስ ሌላ ቀን ሰጥተውናል፤ «ከዚያ ወዲያ እኔ ቀን ብሰጥ ዓይኑ አይሰጠኝም» ብለዋል። ሐሙስን እንዲያስታውሱልኝ አደራ እያልኩ ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

፩ኛ፣ ስለ በሩ አመሰግናለሁ። ድርጅቱ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ሲመጣ የተሰጠው በሩ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ወር ሰልፉን ተረከበ። በስድስተኛው ካርድ ክፍሉን። አሁን ቀጠሮውንም ይዞታል። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይላሉ፤ አጥሩን ለመጠበቅ የተቀጠረ ሰው ባለቤቱን ቢንቅ ምን እንደሚባል ግን አልነገሩንም። ካርድ ክፍሉን ሃያ ዓመት የያዙት አዛውንት ታካሚውን ገና በሳሉ ይለዩት ነበር፤ ዛሬ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ መጥረጊያ ይቆጥራሉ። ውሉ ምን እንደሚል ጠይቄ፣ ለደኅንነት ሲባል እንደማይታይ ተነግሮኛል። የማን ደኅንነት እንደሆነ ብጠይቅ ጥያቄዬ ራሱ ተመዘገበ።

፪ኛ፣ ስለ መዝገቡ አመሰግናለሁ። ጠባቂው በሰልፍ መካከል «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብሎ ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ በሽታችንን ሐኪም ከማወቁ በፊት ጎረቤት ያውቀዋል። ይህ መዝገብ ሲመሽ የት እንደሚያድር ለማወቅ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በሦስቱም ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በድርጅቱ መኪና ተጭኖ ከግቢ ወጣ። በሽታችን ተጽፎ የት ይሄዳል? ማን ያነበዋል? እኔ ክፉ ማሰብ አልወድም፤ ዳሩ ግን አንድ መዝገብ ያለምክንያት መኪና ሲሳፈር አይቼ አላውቅም። በዚያው ሦስት ቀን መስተዋታቸው የጠቆረ አሥራ አንድ መኪኖች ስም ሳይጠየቁ ሲገቡ ተመለከትሁ። ብልሆች ናቸው። ሲገባ ያልተጻፈ ሰው ሲወጣ አይቸገርም።

፫ኛ፣ በሩ ላይ ስለተሰቀለው ሰሌዳ። «በአሁኑ ሰዓት በግቢው ውስጥ በመገልገል ላይ ያሉ» ይልና ቁጥር ይከተላል። ባለፈው ማክሰኞ ቁጥሩ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። ሆስፒታላችሁ ስድሳ አልጋ እንዳለው አውቃለሁ። ስለዚህ ከእኅቴ ጋር የቀሩ፣ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ተደርጎ መፈረም ያቃታቸው፣ አራት ሺህ ያህል ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ እያንዳንዳቸውም ተመልሰው ሲመጡ «መጀመሪያ ይውጡ» ይባላሉ። ይህ ቁጥር በየወሩ ሲያድግ ለማን ደስ እንደሚለው፣ በየትኛው ሪፖርት ላይ «አገልግሎት አደገ» ተብሎ እንደሚጻፍ አልጠይቅም። መጠርጠር ያረጀ ሰው በሽታ ነው ይባላል፤ እናንተ ዘንድ ደግሞ ለመታከም መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል።

፬ኛ፣ የአስተያየት መስጫ ሳጥን። ቀድሞ ከካርድ ክፍሉ አጠገብ ግድግዳ ላይ ነበር። አሁን በጥበቃ ቤቱ ውስጥ ከአለቃ ማኅተም ወንበር በስተጀርባ ተቀምጧል፤ ቁልፉም ከማኅተሙ ጋር በአንድ ኪስ ይኖራል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ባለፉት ሦስት ወራት በጥበቃው ላይ የቀረበ ቅሬታ የለም» የሚል ወረቀት አንብቤ ከልቤ ተደሰትኩ። በሬ ከአራጁ ጋር እንደሚውል አውቃለሁ፤ ቅሬታውን ጽፎ ለአራጁ እንደሚያስረክብ ግን አሁን ገና መማሬ ነው።

፭ኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቃላት ያጥረዋል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንዲሉ፣ መዝገቡ እኅቴን አልለቅም ካለ እኔም በመዝገብ ልሄድበት ወሰንኩ። በደንቡ መሠረት ማመልከቻ ጻፍኩ፦ አንዲት የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ አንድ ዓይኗ የጠፋና ሁለተኛው የደከመ፣ ለአሥራ ሁለት ቀን በግቢያችሁ ውስጥ ስላለች፣ እንደ ታላቅ እኅትነቴ ፈልጋችሁ እንድታስረክቡኝ አልኩ። ማን እንደሚያበላትና የት እንደምትተኛም ጠየቅሁ። ክቡር ሆይ፣ በሦስተኛው ቀን መልስ ደረሰኝ! ማኅተሙ የጠራ፣ ቀኑ የተሟላ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በተደረገው ፍለጋ ግለሰቧ በግቢው ውስጥ አልተገኙም። ስለሆነም ሳይመዘገቡ እንደወጡ ስለሚጠረጠር፣ በአካል ቀርበው ለውስጥ ደኅንነት ክፍል ቃላቸውን እስኪሰጡ ድረስ ወደ ግቢው መግባት አይፈቀድላቸውም።» የውስጥ ደኅንነት ክፍሉ የት እንደሆነ መጥረጊያ ቆጣሪው አዛውንት ነግረውኛል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ቀጥሎ ሦስተኛው በር ነው።

ይህን ወረቀት ለእኅቴ ሳነብላት፣ «እትዬ፣ እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። እዚያ ውስጥ ያለችው እኔ ዓይኗ ድኖላታል ወይ?» አለችኝ። ጥያቄዋን እንዳለ አስተላልፌያለሁ።

እኔ ራሴ ንጹሕ ነኝ አልልም። በመዝገብ ቤት ዘመኔ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማመልከቻዋ ላይ ቀን ባለመጻፏ መልሼያት አውቃለሁ። ደንቡ ያዝዛል። ግን ወዲያው ራሴ ፋይሉን አውጥቼ፣ ቀኑን ከፖስታው ላይ ፈልጌ፣ ደረጃውን ወርጄ ከመውጣቷ በፊት ጠራኋት። መዝገብ ሰውን ለማግኘት እንጂ ሰውን ለማጣት አልተሠራም። ጥበቃውን በውል ለሌላ መስጠት ይቻል ይሆናል፤ ደረጃውን መውረድን ግን በውል ለሌላ መስጠት አይቻልም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በመጪው ሳምንት ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እስከ በሩ ድረስ ይውረዱና እኅቴን በክንዷ ይዘው ያስገቡልኝ። ይህ መብት ያለው ከእርስዎ ሌላ ሰው የለም፤ ምክንያቱን ላስረዳ። በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ድርጅቱ ሥራ የጀመረበት የምረቃ ዕለት ፎቶግራፍ በመስተዋት ተሰቅሏል። እርስዎ ለሕዝቡ ምሳሌ እንዲሆኑ በአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሲፈርሙ ያሳያል። መነጽሬን አድርጌ ቀረብ ብዬ አየሁት። ፎቶግራፉ ከጭብጨባው በኋላ የተነሳ መሆን አለበት፤ ስምዎ አለ፣ የገቡበት ሰዓት አለ፣ የመውጫው ዓምድ ባዶ ነው። አዛውንቱን ጠየቅኋቸው፤ ያ መስመር እስከ ዛሬ ባዶ ነው ብለውኛል። እንግዲህ በመዝገባችሁ መሠረት እርስዎ ዓመት ከመንፈቅ፣ እኅቴም ዛሬ ሃያ ሁለተኛ ቀኗን አንድ ግቢ ውስጥ አብራችሁ ናችሁ። ጎረቤቷ ነዎትና አይጨክኑባትም ብዬ አምናለሁ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ደጅዎ የተጠበቀ፣ መዝገብዎ የሞላ፣ ከገቡበት ሁሉ በሰላም የሚወጡ እንዲሆኑ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በመዝገባችሁ መሠረት እኅቷን ውስጥ ጥላ የወጣችው አስታማሚ

ማስታወሻ፦ መልስዎ ከሐሙስ በፊት የሚደርስ ከሆነ እባክዎ በትልልቅ ፊደላት ያስጽፉልን፤ እኅቴ ራሷ ልታነበው ትፈልጋለች። ከሐሙስ በኋላ የሚደርስ ከሆነ ግን አይድከሙ፣ በወደዱት መጠን ይጻፉ፤ የማነብላት እኔ ነኝ።