ባዶ ነው ከተባለው ክፍል የተጻፈ

ለተከበሩ የአካባቢ ማደሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ ያን ግራጫ ኮትዎን ለብሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲናገሩ የደከመው ጉሮሮዎስ ተሻለው ወይ? እኔ ከባዶ ክፍል በሚጠበቀው መጠን ደህና ነኝ። ማጋነኔ አይደለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ የሰፋሁበት ሱቅ በመዝገብዎ ላይ «ቁጥር አሥራ አራት፣ ባዶ ክፍል፣ ባለቤት የሌለው» ተብሎ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ይህን የምጽፍልዎም ከዚያው ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት መቀስና አንድ ካውያ ወዲያ ገፋ አድርጌ፣ በስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎት። የታሸገውን ሦስት ጊዜ ልኬ፣ ሦስቱም ጊዜ «ላኪው በአድራሻው ስለማይገኝ» ተብሎ ተመልሶልኛል። የመለሰው ፖስተኛ ሱቄን ባጠረው ቆርቆሮ ቀዳዳ በኩል እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። በጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ቁጥር አምስት ያሉት ሠራተኛ ደግሞ ያልተቆጠረ አቤቱታ እንደማይነበብ ስለመከሩኝ፣ እንደሚከተለው እቆጥራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አጥሩ ከልብ አመሰግናለሁ። ስንት ዘመን የመኪናው ጥሩንባ፣ አቧራውና የአላፊ አግዳሚው ሰላምታ ሥራ ሲያስፈታኝ ኖሮ፣ ጽሕፈት ቤትዎ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በቆርቆሮ ካጠረልኝ ወዲህ ሰላምታ የሚባል ነገር አላስቸገረኝም። የአጥሩ ዘበኛ ጧት በሁለት ሰዓት ከፍተው ያስገቡኛል፤ ወዲያው በሰንሰለት ይቆልፉና በአሥራ አንድ ሰዓት መጥተው ያስወጡኛል። በመሀል ቢያመኝ፣ እሳት ቢነሣ፣ ወይም እንዲያው ሰማይ ማየት ቢያምረኝ እንደማይከፈት አስቀድሞ ተነግሮኛል። «እትዬ፣ ወረቀቱ ውስጥ ሰው የለም ይላል፤ ሰው ከሌለ ለማን ብዬ ነው የምከፍተው?» ያሉኝ እያዘኑ ነው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ የተሰጣቸውን ወረቀት የሚያከብሩ ሰው ናቸው።

ሥራዬም አልቆመም። ሁለቱ ቆርቆሮዎች የተገጣጠሙበት ላይ የእጅ ስፋት ያህል ክፍተት አለ። በዚያ በኩል ሜትሬን አሾልካለሁ፣ ደንበኛዋ ወገቧን ራሷ ለክታ ቁጥሩን ትነግረኛለች። ሰው የራሱን ወገብ ሲለካ ትንሽ መዋሸቱ አይቀርምና ለሁሉም ሦስት ጣት እጨምራለሁ። እስካሁን ጠበበኝ ያለ የለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጎረቤቶቼ። በስብሰባው ላይ ግድግዳው ላይ ባበሩት ሥዕል ይህን መንገድ «የተዝረከረከ» ብለውታል፤ አልተቀየምሁም፣ እውነትም የተዝረከረከ ነበር። ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት አልፈው ሲመጡ የጽሕፈት መሣሪያ ሻጯን ያገኛሉ፤ እስክሪብቶ ሳትሞክር ስለማትሸጥ ባንኮኒዋ ላይ ያለው ወረቀት ከዳር እስከ ዳር «እሺ እሺ እሺ» በሚል ጽሑፍ የተሞላ ነበር። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ ጨዋታ ከያዘ የሰው ጭንቅላት በግማሽ ትቶ ደጅ ስለሚወጣ፣ ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚከራከር ሰው ማየት ብርቃችን አልነበረም። ከእሱ ቀጥሎ ለጠየቀው ሁሉ «ነገ» ከማለት በቀር መልስ የማያውቅ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ስሙም «ጋሽ ነገ» ሆኖ ቀረ። በአሥራ ሦስት ቁጥር ፎቶ አንሺው፣ በአሥራ አራት ቁጥር እኔ። ፎቶ አንሺው ሰው ፊቱን ፈታ ሊያደርግ ሲል «ለመታወቂያ ነው፣ ምን ያስቃል?» እያለ ያገሬውን ሰው ሁሉ ኮስታራ አድርጎ አስቀርቶታል።

ዛሬ የዳቦ ቤቱ ቦታ ጉድጓድ ነው፤ ጧት ጧት በሳንቃ እሻገረዋለሁ። የጽሕፈት መሣሪያ ሻጯ ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዝ ቦታ ሄዳለች፣ ፀጉር አስተካካዩ ሥራውን ትቷል፣ ጋሽ ነገ የሰው ግቢ ውስጥ አንዲት መደርደሪያ ተሰጥቶታል። ሁሉም ይናፍቁኛል፣ ክቡር ሆይ፤ ይህቺን በአሽሙር አይደለም የምለው።

ሦስተኛ፣ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለጽሕፈት ቤትዎ አንዲት ልማዳችንን ለማስረዳት ነው። በየሱቃችን በር ላይ አንዳንድ በርጩማ ነበረ። አንዱ ጉዳይ ሲገጥመው ጎረቤቱን «ቁጭ በልልኝ» ይለዋል፤ ጎረቤቱም መጥቶ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ለተቀመጠ ሰው «ባለቤቱ የለም» ማለት ነውር ነበር፤ ደንበኛ ተስፋ ቆርጦ እንዳይመለስ፣ ተቀማጩ ለዚያች ሰዓት ባለሱቁን ሆኖ ያስተናግዳል። እኔ ስንት ጊዜ «ነገ» እያልሁ ሬዲዮ ተቀብያለሁ። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን ለእኔ ቁጭ ብሎ ሳለ እጁ አላርፍ ብሎት የአንድ ሰውዬን ሱሪ አንድ እግሩን እስከ ጉልበቱ ድረስ ቆርጦ ጠበቀኝ፤ ሌላ መላ ስላልነበረኝ ሁለተኛውንም እግር አስተካክዬ ሰጠሁት፣ ሰውዬው ያን በጋ በቁምጣ ከረመ። ጎረቤት ከጠፋ ደንበኛም ቢሆን ይቀመጥ ነበር፤ ትልቅ ሰው ትንሽ ሰው አይባልም።

የጽሕፈት ቤትዎ መዝጋቢ ምትክ ቤት የሚሰጣቸውን ባለቤቶች ሊመዘግብ የመጣ ዕለት የፎቶ አንሺው እናት ታማ፣ እሱ ሐኪም ቤት ይዟት ሊሄድ «ቁጭ በይልኝ» ብሎኝ እየሮጠ ወጣ። እኔም ጋሽ ነገን ለእኔ ቁጭ እንዲልልኝ ጠየቅሁት፤ «መጣሁ» አለኝ። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼው ስለማላውቅ አመንሁት። መዝጋቢው አሥራ ሦስት ቁጥር ገብቶ «ባለቤቱ ማነው?» ሲል፣ በርጩማው ላይ የተቀመጥሁት እኔ፣ ልማድ ነዋ፣ «እኔ ነኝ» አልሁት። ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምሁ፤ ፎቶ ለመነሣት የመጣ ሰው ደረሰኝ ሲጠይቀኝ እንደምፈርመው ማለት ነው። ከዚያ ወደ አሥራ አራት ቁጥር ተሻገረ። መኪናዬ አለ፣ በግማሽ የተሰፋ ቀሚስ መኪናው ላይ አለ፣ በርጩማውም አለ፣ ጋሽ ነገ ግን የለም። «ባዶ ክፍል» ብሎ ጻፈ። ተገርሜ ተከትዬው ወጥቼ ነበር፤ «እማማ፣ እርስዎ ተመዝግበዋል፣ ምን ቀረብኝ ይላሉ?» ብሎኝ ሄደ።

አራተኛ፣ በስሜ ለተመዘገበው አሥራ ሦስት ቁጥር ምትክ፣ በአዲሱ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለተሰጠኝ ሰፊ ፎቶ ቤት አመሰግናለሁ። ፎቶ ማንሣት አልችልም፤ የምነሣበት ጊዜ እንኳ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስለዚህ ቁልፉን ለባለቤቱ ሰጠሁት፤ በሩ ላይ የኔ ስም ተለጥፎ በስሜ ሲሠራ ይውላል። እናቱን ቤት የሚጠብቅላት ስለሌለ ጥግ ላይ አስቀምጧታል፤ ለመታወቂያ የሚነሡትን ሰዎች «ፈገግ በሉ ልጆቼ» እያለች ሥራውን ታበላሽበታለች።

እንግዲህ ይታረምልኝ ብዬ መስኮት ቁጥር አምስት ቀረብሁ። ሠራተኛዋ ትሑት ናቸው፣ ውሃ እንኳ ሰጥተውኛል። ይታረማል አሉኝ። አሥራ ሦስት ቁጥር የኔ አይደለም ብዬ ከፈረምሁ መዝገቡ ይሠረዛል፤ ፎቶ አንሺው ግን በምዝገባው ዕለት ስላልተገኘ በእሱ ስም አይዞርም፤ ክፍሉ ይወሰዳል። ካልፈረምሁ ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ቤት ስለማይሰጠው የኔ ሱቅ ባዶ እንደሆነ ይፈርሳል። «ወይ እሳቸው ወይ እርስዎ ነዎት» አሉኝ፣ እያዘኑ። በጽሕፈት ቤትዎ የማያዝን ሰው አላጋጠመኝም። ፎቶ አንሺው ይህን የሰማ ዕለት ቁልፉን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። እናትህንስ የት ልታስቀምጣት ነው ብዬ መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትሁለት። ሁለታችንም ትንሽ አለቀስን፤ ከዚያ የኮቱ ኪስ የተቀደደ መሆኑን አይቼ ሰፋሁለት።

አምስተኛ ይሁን ስድስተኛ እንጃ፣ ቁጥሩ ተምታታብኝ፤ ማስታወቂያዎ በሩ ላይ ተለጥፏል። የወሩ መጨረሻ ሐሙስ ይፈርሳል ይላል። ታላቅ እህቴ በቆርቆሮው ክፍተት ምሳ ስታቀብለኝ «ምን ይዞሽ ነው እዚያ የምትታሠሪው? ተዪውና ነይ፣ አብረሽኝ ተቀመጪ» ትለኛለች። ምን እንደያዘኝ ልንገርዎት። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ከቀረሁ፣ ወረቀትዎ እውነት ይሆናል። ክፍሉ ባዶ ይሆናል፣ ባለቤት የሌለውም ይሆናል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ የተቀመጠችውም ሴት አልነበረችም ማለት ይሆናል። ስለዚህ ጉንፋን ሲይዘኝም እመጣለሁ፣ የሚሰፋ ሲጠፋም እመጣለሁ፤ ሰንሰለቱ ከኋላዬ እንደሚቆለፍ እያወቅሁ በየቀኑ እገባለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። መውጣትም መቅረትም እኩል ነው የሚያስፈራኝ።

የምለምንዎት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «በዚያ ዕለት አንዷ ለሌላው ቁጭ ብላለት ነበር» ብለው መዝገቡ ጠርዝ ላይ እንዲጽፉልን። ጽሕፈት ቤትዎ በመስኮት ቁጥር አምስት በኩል በሰጠኝ መልስ ይህ ዓይነቱ ልማድ በመመሪያው እንደማይታወቅ ገልጾ፣ አንቀጽ ሰባትን አያይዞልኛል፤ «በቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የተገኘ፣ ሲጠየቅም ባለቤቱ እኔ ነኝ ያለና ይህንኑ በእጁ ፈርሞ ያረጋገጠ ሰው የቤቱ ባለቤት ነው» ይላል። አንቀጹን ስድስት ጊዜ አነበብሁት። ግልጽ ነው፣ አጭር ነው፣ ማንንም አያስቀርም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ፎቶ ቤቱና ስላዘኑልኝ ሠራተኞችዎ ሁሉ ምስጋናዬ ከመጠን በላይ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ወንበርዎ ይመችዎት፤ ከወንበርዎም ለአፍታ ሲነሡ በቦታዎ የሚቀመጥልዎት ታማኝ ሰው አይጥፋ እያልሁ በትሕትና እሰናበታለሁ።

በመዝገብዎ መሠረት የሌለችው፣
የቁጥር አሥራ አራት ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦ ለቆርቆሮው አጥር (በውጭው በኩል ይለጠፋል)

ሳልጠቅሰው ያለፍሁት ጉዳይ፦

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ገና ኃላፊ ሳይሆኑ፣ ያንኑ ግራጫ ኮት እጅጌውን ላሳጥርልዎ አምጥተው ነበር። ክር አልቆብኝ ማዕዘኑ ድረስ ስሄድ «ቁጭ ይበሉልኝ» ብዬዎት፣ እግዜር ይስጥዎት፣ ቅር ሳይልዎት ቁጭ አሉልኝ። በዚያች ሩብ ሰዓት አንዲት የማላውቃት ሴት ጉርድ ቀሚስ ይዛ መጥታ «ሰፊው አንተ ነህ?» ብላ ብትጠይቅዎት፣ ልማዳችንን ከእኛ እኩል ያውቁት ነበርና «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሏት። ቀሚሱን ተቀብለው በደብተሬ ላይ በገዛ እጅዎ «ጉርድ፣ አንድ፣ ሁለት ጣት ይጠር፤ የተቀበለው ሰፊ» ብለው ከሥሩ ፈርመዋል። ሴትዮዋ ቀሚሷን ልትወስድ ስትመጣ «ያ ትሑት ሰፊ የታለ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ገጹን አያይዣለሁ፤ ፊርማው ማስታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

አንቀጽ ሰባት ቀን አይጠቅስም። ስለዚህ በመመሪያዎ መሠረት ተቀምጠው ተገኝተዋል፣ እኔ ነኝ ብለዋል፣ ፈርመዋል፤ ቁጥር አሥራ አራት ባዶ አይደለም፣ የእርስዎ ነው። የማፍረሻው ማስታወቂያ በስምዎ እንዲታረምና፣ ከሐሙስ በፊት መጥተው ንብረትዎን እንዲረከቡ በአክብሮት አሳስባለሁ። በሩ በሁለት ሰዓት ይከፈታል፤ ለዘበኛው ሰው መሆንዎን የሚያስረዳ ወረቀት ይዘው ይምጡ።

እስኪመጡ ድረስ ግን አያስቡ፤ እኔ ቁጭ ብዬልዎታለሁ።