ወጌሻዋ ቤት ያመለጠኝ ቃል

ነቀምቴ፣ ጥር ፯ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ማስታወሻዬ፣ ያሳፈረኝን ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ ዛሬ ወጌሻዋ ቤት አንኮራፋሁ። ወንድሜ ከመንግሥት ሸሽቶ ከተደበቀ ወዲህ ትከሻዬ ድንጋይ ሆኖብኛል። ወጌሻዋ አዴ ጫልቱ በቅቤ እያሹኝ፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እጅሽን ልቀቂው እንጂ! ማን ይሰርቅብሻል?" ቢሉኝ ሳቅሁ። ሰውነቴ ላላ፤ እንቅልፍም ይዞኝ ሄደ።

ስነቃ የአዴ ፊት ጠቁሯል። "በእንቅልፍሽ፣ 'አርጆ፣ አክስቴ ጎተራ ውስጥ ነው' አልሽ" አሉኝ በሹክሹክታ። ተራዋን ትጠብቅ የነበረችው የፖሊሱ መቶ አለቃ ሚስት ሳትታሽ ወጥታ ሄዳለች።

የሰው ወሬ ለመጽሔት ስጽፍ የኖርኩ ሴት፣ የገዛ አፌን መጠበቅ አቃተኝ። ወንድሜን እንዲያሸሽ ወደ አርጆ ሰው ልኬአለሁ። በሰዓቱ ደርሶም ይሁን ፖሊሶቹ ቀድመውት፣ የሆነውን እዚሁ እጽፈዋለሁ።