አርባ ሰው እስኪሞላ የተቀመጠው ደሜ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ላቦራቶሪ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። የእኔን ጤና እንዳልነግርዎ፣ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ በብልቃጥ ሆኖ በእርስዎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ ይቀርባል።

ምናልባት ከብልቃጡ በቀር የማያውቁኝ ከሆነ፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ፊቴና ክንዴ ላይ ሽፍታ፣ ምላሴና ጉንጬ ውስጥ ደግሞ ቁስል ከወጣብኝ ወራት አልፈዋል። የቆዳ ሐኪሜ እንዳስረዱኝ፣ በሽታ እንዲከላከሉልኝ ሰውነቴ ያመረታቸው ፀረ እንግዳ አካላት እንግዳውን ትተው ባለቤታቸውን መደብደብ ጀምረዋል። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይኸው ነው። ጠንካራውን መድኃኒት ለመጀመር ግን ደብዳቢዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሞ በእርስዎ ዘንድ በደም ምርመራ መታወቅ አለበት። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ምርመራው አርባ ጉድጓድ ባለው ትሪ ስለሚሠራ፣ አርባ ሰው ካልሞላ ማሽኑ እንደማይነሣ በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። እኔም ወንበሩ ሁሉ ካልሞላ አላስተምርም ብል ኖሮ፣ ቀድመው የመጡት ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ ልጅ ወልደው በሳሙ ነበር።

፪. የመስኮቱ ሠራተኛዎ ታክሲም ሞልቶ ነው የሚነሣው ብለው አጽናንተውኛል። እውነታቸውን ነው። ታክሲ ግን ሰው የሚጠራ ረዳት አለው። በርዎ ላይ ቆሜ ሕመምተኛ ልጣራልዎ አስቤ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አፍ ዳገት አይፈራም ቢባልም የእኔ ሜዳውንም ፈርቷል።

፫. ትናንት ባለቤቴ ሲደውል ሠላሳ ስምንት ደርሰናል ተብሏል። ሁለት ሰው ይታመምልኝ ብዬ መጸለይ ነውር ሆኖብኝ ተውኩት፤ የጎረቤቶቼን ፊት ግን ቀላ ብሎ እንደሆነ ጠጋ ብዬ ማየት ጀምሬአለሁ። ሰላምታቸውን ቀንሰውብኛል።

፬. መናገር ሲያቅተኝ ሰሌዳ ላይ ብቻ እየጻፍኩ አስተምራለሁ፤ ማንበብ ገና ላልቻሉ ልጆች። የተቆጣሁ መስሏቸው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ከፊት የምትቀመጠው ትንሿ ተማሪዬ አጠገቤ መጥታ ምን እንዳጠፉ ጠየቀችኝ። ያን ቀን ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ይህንን እንኳ ያለ ቀልድ ነው የምነግርዎ።

ርዕሰ መምህራችን ደግ ሰው ናቸው። ሕክምናዬን እስከዚህ ወር መጨረሻ ካልጀመርኩ ክፍሌን ለሌላ አስተማሪ ሰጥተው እኔን ቤተ መጻሕፍት እንደሚያስቀምጡኝ በአክብሮት ነግረውኛል። እዚያ ማንም ስለማይናገር ይመቻታል ብለው ነው። እኔ ግን የምፈልገው እነዚያን ልጆች ነው፤ ማንበብ ሳላስለምዳቸው ከእጄ እንዲወጡ አልፈልግም።

ትሪዎ ሞልቶ ይትረፍረፍ፣ ማቀዝቀዣዎ መብራት አይጥፋበት እያልኩ፣ በከፍተኛ አክብሮትና በተዘጋ አፍ እሰናበታለሁ።

የብልቃጡ ባለቤት፣
ታጋሿ ደንበኛዎ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ሳስገባ ከቢሮዎ ተደወለ። ትሪው ሞልቶ ማሽኑ ተነሥቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት። የእኔ ደም ግን ብዙ ከመቀመጡ የተነሣ ተበላሽቶ ስለተጣለ፣ ነገ መጥቼ አዲስ እንድሰጥ ታዝዣለሁ። ለሚቀጥለው ትሪ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ አሉ፤ የሚቀሩን ሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ናቸው።