የአባቴ ቀኝ እግር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ደክሞኛል። ከዘጌ ቡና ጭኜ ስመለስ ፒካፗ በሦስተኛ ማርሽ ሳለች በድንገት ጮኸችና ወደ ፊት ተወረወረች። እግሬን ከነዳጅ መስጫው አነሣሁ፤ ጩኸቱ አልበረደም። ፍሪሲዮን ረግጬ ዳር ያዝሁ። ቆማም ሞተሯ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

ባሕር ዳር ስገባ መካኒኩ የናፍጣ ፓምፑን የአየር ቱቦ በጣቱ ዳሰሰና፣ «ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ነው፤ ሳይረገጥ ራሷ ነዳጅ የምትጨምረው ለዚህ ነው። የቆየ ነገር ነው» አለኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

አባቴ በክረምቱ ነግረውኝ ነበር። እርሳቸው ሲነዱ እንዲሁ ተወርውራ ከአጥር ጋር ተላተመች። «እኔ አልረገጥሁም፤ ራሷ ናት» ብለው ቢምሉልኝ፣ «እግርዎ መታዘዝ ትቷል» ብዬ ቁልፉን ወሰድሁባቸው። ስደጋግመው እርሳቸውም አመኑኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ቀኝ እግራቸውን በቅቤ ሲያሹ ነው የማገኛቸው።

ቱቦው ተቀየረ። ቤት ገብቼ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ታዲያ ያን ሁሉ ቅቤ ለጤነኛ እግር ነው የጨረስሁት?» አሉ ቀስ ብለው።

ቁልፉን ዘረጋሁላቸው። እርሳቸው ግን የሚያዩት እግራቸውን ነበር።