ከበርህ እስከ አልጋዋ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? እኔና እህታችን ደህና ነን። ስልክ ስለማታነሳ በኢሜይል ጻፍኩልህ።

«በረራው የሚፈጀው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ካስፈለገ በማግስቱ እደርሳለሁ» ያልከው ስህተት ነው። እሱ ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ ነው። ሠላሳ ዓመት መሬት የቀየስኩ ሰው ነኝና ከበርህ እስከ እናታችን አልጋ ቆጠርኩት፤ ፍተሻው፣ መሸጋገሪያው ላይ የምትጠብቀው ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚህ የሚያደርስህ አውቶቡስ ሲደመር ሠላሳ አራት ሰዓት ነው። ያውም ትኬት ከተገኘ።

አልጋዋን ወደ ሳሎን አውርደነዋል፤ ደረጃው አስቸግሯት ነበር። ሐኪሙም «እናንተ አትመላለሱ፣ እኔ እመጣለሁ» ብሎናል፤ ደግ ሰው ነው።

እማዬ «ይመጣል» ያልኳትን ይዛ መንገድ የጀመርክ መስሏታል፤ እኔም አላረምኳት። ጠዋት ጠዋት «የት ደረሰ?» ትለኛለች። ለአንዲት ሴንቲ ሜትር ከሰው የምጣላው እኔ «ግማሹን አልፏል» እላታለሁ። ትናንት «አንተ፣ ይሄ አውሮፕላን በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ዛሬ አልጠየቀችኝም።

የሁላችንም ሰላምታ ባለህበት ይድረስህ። ሠላሳ አራቱ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ግን ከበርህ ስትወጣ ነው።

ታላቅ ወንድምህ